ለ200 ሰው አንድ ዓይነት ጣዕም

ሼፍ መሆን የሚፈልግ ወጣት ወደ እኔ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ዓይነት ምግብ ማወቅ አለብኝ?» ለመነሻ ሽሮ ይበቃሃል እለዋለሁ። ዛሬ የሠራኸውን ሽሮ ነገም፣ የዛሬ ወርም፣ ለ2 ሰውም ለ200 ሰውም ያንኑ ጣዕምና ያንኑ ውፍረት ይዞ እንዲወጣ ካደረግህ ሙያው ገብቶሃል። ሌላው ምግብ በጊዜው ይመጣል።

ተወልጄ ያደግሁት ዘነበወርቅ ነው። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ከዕቃ አጣቢነት ተነሥቼ ሱ ሼፍ እስከመሆን ደርሻለሁ። አሁን እዚሁ ሰፈሬ የሠርግና የድግስ ምግብ አዘጋጃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሙያውን መማር ለሚፈልጉ ልጆች ወጥ ቤቴን እከፍታለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እነሱ ደጋግመው ለሚጠይቁኝ ነገር በሥርዓት መልስ ለመስጠት ነው።

ሰፈራችን ለሙያዬ ብዙ አድርጎልኛል። ዘነበወርቅ ስሙን ያገኘው ከዓፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ በስማቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ አለርት የተባለው የሕክምና ማዕከል ተመሠረተ። ሕክምና ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ድኖ እዚሁ ጎጆ ቀለሰ፣ ልጅ ወለደ። በአንድ ግቢ የወሎዋ፣ የጎጃሟ፣ የጉራጌዋና የወላይታዋ እናት ጎን ለጎን ድስት ይጥዱ ነበር። አንዷ ሽሮዋን በኮረሪማ ትመጥናለች፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርቱን ታበዛለች፣ ሦስተኛዋ ስታወጣው በሶብላው ከሩቅ ይሸታል። የሰፈራችንን ስም ሰምተው የሚሸሹ ሰዎች በነበሩበት ዘመን እነዚህ እናቶች ያበሰሉት ምግብ እኔን አሳደገኝ። በሽታው በመድኃኒት እንደሚድን ዛሬ ሁሉም ያውቃል። ከዘነበወርቅ የወጣ ምግብ በከተማው ሠርግ ቤት ሲቀርብ ማየት ለእኔ ትልቅ ክብር ነው።

ከግብር አዳራሽ ወደ ሆቴል

ለብዙ ሰው ማብሰል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁት ግብር ለቀናት የዘለቀ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ያንን ድግስ የአገሪቱ ልዩ ልዩ ምግቦች ተገናኝተው አንድ ብሔራዊ ገበታ የሆኑበት አጋጣሚ አድርጎ ጽፎታል። እቴጌይቱ በ1898 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሆቴል መሠረቱ። ከዚያ በኋላ ሒልተን በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሸራተን አዲስ በ1990 ዓ.ም. ተከፈቱ። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስካይላይት ሆቴል 373 ክፍሎች ይዞ ሥራ ጀመረ።

ትልልቆቹ ሆቴሎች ይዘውት የመጡት ትልቁ ነገር የሥራ ክፍፍል ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦጉስት ኤስኮፊዬ የተባለው ፈረንሳዊ፣ በወጣትነቱ ለጦር ሠራዊት ምግብ ያበሰለ ሰው፣ የሆቴልን ወጥ ቤት እንደ ጦር ክፍል በማዕረግ አደራጀው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የምንሠራበት አደረጃጀት የእሱ ነው። ከታች ዕቃና ወለል የሚያጸዳው ስቲዋርድ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ሽንኩርት የሚልጠው፣ አትክልት የሚከትፈው፣ ሾርባ የሚጠብቀው ኮሚ ነው። ኮሚ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ እየተባለ ይወጣል። ከዚያ ዴሚ ሼፍ፣ ቀጥሎም አንድ ክፍል በኃላፊነት የሚይዘው ሼፍ ደ ፓርቲ ይመጣል። ክፍሉ ትኩስ ምግብ፣ ቀዝቃዛ ምግብ፣ ፔስትሪ ወይም ሥጋ ቤት ሊሆን ይችላል። ሱ ሼፍ የየዕለቱን ሥራ ይመራል። ኤክስኪዩቲቭ ሼፉ ሜኑ ያወጣል፣ በጀት ይይዛል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ እሱ ራሱ ድስት ሲያማስል የሚታይበት ቀን ጥቂት ነው።

ይህን መሰላል ማወቅ ለጀማሪ ይጠቅማል። ብዙ ልጆች ኮሚ ሆነው ሲገቡ ወራት ሙሉ ሽንኩርት መላጣቸው ያስመርራቸዋል። ሽንኩርት ላይ ግን ብዙ ትምህርት አለ። ቢላ አያያዝን፣ ፍጥነትን፣ እኩል አድርጎ መክተፍን የምንማረው እዚያ ነው። እኩል ያልተከተፈ ሽንኩርት ግማሹ ሲያርር ግማሹ ጥሬ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቁሌቱን የሚያድነው ቅመም የለም።

የት ልማር?

ከአንጋፋዎቹ የአገራችን የሙያው ማሰልጠኛዎች አንዱ በ1960ዎቹ የተቋቋመው፣ ዛሬ ቱሪዝም ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው፤ ለተግባር መለማመጃ ገነት ሆቴልን ይጠቀማል። ከከተማችን ትልልቅ ሼፎች ብዙዎቹ ያለፉበት ቤት ነው። ከእሱ ሌላ በመንግሥትና በግል የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሥልጠናው በደረጃ ይሰጣል። ተማሪው ሲጨርስ የብቃት ምዘና ይወስዳል፤ ልጆቹ «ሲኦሲ» የሚሉት ነው። ሆቴሎች ሲቀጥሩ ይህን ወረቀት ይጠይቃሉ፣ በየጊዜው የሚታደስ የጤና ምርመራ ማስረጃም አብሮ ይጠየቃል።

ለግል ትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሄዳችሁ ወጥ ቤቱን እዩ። ለስንት ተማሪ ስንት ምድጃ አለ? በሳምንት ስንት ሰዓት በእጅ ትሠራላችሁ? ዕቃውን የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ተማሪው? የልምምድ ቦታስ ማን ያገኛል? ከማውቃቸው ልጆች አንዷ ክፍያዋን ጨርሳ የምስክር ወረቀት ይዛ መጣች፤ ዶሮ በልታ እንጂ ብልት አውጥታ አታውቅም ነበር። አሥራ ሁለቱን ብልት በቅዳሜ ትምህርታችን ተማረች።

ከትምህርቱ ሁሉ ቸል መባል የሌለበት ንጽሕና ነው። የእንግዳ ሕይወት በእጃችን ነው። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትኩስ ሆኖ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ካልተቀመጠ ተሕዋስያን በፍጥነት ይራቡበታል። ስለዚህ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥም። ጥሬ ዶሮ የተከተፈበት ሰሌዳ ላይ ሰላጣ አይከተፍም። ድግስ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ድንኳን ውስጥ የቆየ ክትፎ ሳይ አዘጋጁን ጠርቼ እናገራለሁ፤ ቅር ቢለውም እናገራለሁ።

የከፍታችንንም ነገር የምታስተምሩ አስተምሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላው፣ ሽምብራውና ሥጋው ከአውሮፓ የምግብ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው ሰዓት አይበስልልንም። ኬክ ደግሞ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይወድቃል፤ ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ጥፋቱን በራሱ ያደርገውና ተስፋ ይቆርጣል።

ሚዛን

እናቶቻችን በዓይን ልክ ነው የሚሠሩት። እጃቸው ያውቃል። ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ሆቴል ግን የሚያበስለው ሰው ይቀያየራል፤ የጠዋቱ ፈረቃ ይወጣል፣ የማታው ይገባል፤ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ይለቃል። እንግዳው ደግሞ ባለፈው ወር የወደደውን ምግብ ፈልጎ ነው የሚመለሰው። ይህን ሊያገናኝ የሚችለው የተመዘነና የተጻፈ አሠራር ብቻ ነው።

የምግቡ ካርድ ላይ ሦስት ነገር ይሰፍራል፤ መጠን፣ ሂደት፣ ዋጋ። ዶሮ ወጥን እንውሰድ። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ነው፣ የተመዘነው ከመላጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አሥር ኪሎ ሽንኩርት ሲላጥ አንድ ኪሎ ገደማ በልጣጭ ሊሄድ ይችላል። ዘይት ወይም ቅቤ ሳይገባበት በደረቁ የሚቁላላው ለምን ያህል ጊዜ ነው፣ ቀለሙስ ምን ሲመስል ነው በርበሬው የሚገባው? ንጥር ቅቤው መቼ ይጨመራል፣ መከለሻውስ? «ትንሽ» እና «እስኪበቃው» የሚሉት ቃላት ካርድ ላይ አይጻፉም።

ከ2 ሰው ወደ 200 ሰው ስንሻገር ማባዛት ብቻውን አይበቃም። ሽንኩርቱና ሥጋው በቁጥሩ ልክ ይባዛሉ። ውኃው ግን እንደዚያ አይደለም፤ ትልቅ ድስት ከያዘው ብዛት አንጻር በእንፋሎት የሚያጣው ትንሽ ስለሆነ በቁጥሩ ልክ ከጨመርንበት ወጡ ይቀጥናል። ጨውና በርበሬም በአንድ ጊዜ አይገቡም፤ ከፍለን አስገብተን፣ ቀምሰን፣ የገባውን መዝግበን ለሚቀጥለው ድግስ ቁጥሩን እናጸናለን።

ዋጋውን ለማስላት የሚበቃው የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ሼፍና ወጥ ሠሪ የሚለዩት ግን እዚህ ላይ ነው። እንበል ለአንድ ሳህን የገባው ጥሬ ዕቃ 120 ብር ነው። ብዙ ቤቶች የጥሬ ዕቃው ድርሻ ከሽያጩ 30 በመቶ ገደማ እንዲሆን ይፈልጋሉ። 120ን ለ0.30 ስናካፍል 400 ብር ይወጣል። ቀሪው 280 ብር ኪስ የሚገባ ትርፍ እንዳይመስላችሁ፤ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ መብራት፣ ጋዝና ግብር ከዚያ ላይ ይከፈላል። አሁን ደግሞ ጭልፋው በልግስና እየሞላ አንድ አምስተኛ ይጨምር እንበል። በሳህን 24 ብር ይሄዳል። በቀን 100 ሳህን ከወጣ 2,400 ብር፣ በ30 ቀን 72,000 ብር ይሆናል። ቤቱ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚከስር ባለ ምግብ ቤት አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ከወጥ ቤት ሠራተኞች መካከል ለእድገት የሚመረጠው ይህን ቁጥር ለአለቃው ማሳየት የሚችለው ነው። እጃቸው የሚጣፍጥ ብዙዎች አሉ። ቀሪውን ሥጋ መዝግቦ፣ የተበላሸውን ቲማቲም ለይቶ፣ ለነገ ስንት ኪሎ እንደሚታዘዝ የሚናገር ሰው ግን ይፈለጋል፣ ደመወዝም ይጨመርለታል።

ሁለት የታወቁ ሰዎች

ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንን የማያውቅ ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ጽጌ ነበር። በሕፃንነቱ እሱም እናቱም እህቱም በሳንባ ነቀርሳ ታመው ለሕክምና አዲስ አበባ መጡ፤ እናቱ አረፉ፤ ልጆቹን የስዊድን ቤተሰብ አሳደጋቸው። ወጣቶቹ የሚያወሩት በኅዳር 2002 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንት ኦባማ የመጀመሪያ የመንግሥት ግብዣ ስላበሰለው እራት ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለውን እነግራቸዋለሁ። ከስዊድናዊት አያቱ ከሄልጋ ጋር ወጥ ቤት ቆሞ ተማረ፣ በጎተንበርግ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ገባ፣ ቀጥሎ በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወጥ ቤቶች በተለማማጅነት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1995 የኒውዮርኩ አኳቪት ምግብ ቤት ሼፍ ሆኖ ከኒውዮርክ ታይምስ ሦስት ኮከብ ሲያገኝ ዕድሜው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበር፤ ከጀርባው ግን የዓመታት ኮሚነት አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሐርለም ውስጥ ሬድ ሩስተርን ከፈተ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ በንግድ ባንክ ሕንፃ ላይ በስሙ ምግብ ቤት ከፍቷል።

ሁለተኛው ዮሐንስ ገብረየሱስ ነው። ሊዮን፣ ፈረንሳይ በሚገኘው ፖል ቦኩዝ ኢንስቲትዩት ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በቴሌቪዥን አስተማረ። የኢትዮጵያን ምግብ አሠራር በመጠንና በሂደት የሰበሰበበት በእንግሊዝኛ የታተመ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2020 የጄምስ ቢርድ ሽልማት አገኘ። የሠራውን ነገር ልብ በሉት፤ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ዶሮውን መዝኖ ጻፈው። በግራም የተጻፈ ምግብ ኢትዮጵያን አይቶ በማያውቅ ሰው ምድጃ ላይም ሊሠራ ይችላል።

የእኛው ገበታ፣ የእኛው ዕድል

ብዙ ተማሪዎቼ ፓስታና ስቴክ ለመማር ይቸኩላሉ። ይማሩ። ዓለም እየፈለገው ያለውን ግን እቤታቸው ይዘውታል። የኦርቶዶክስ ምዕመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ብቻውን 55 ቀን የሆነው ዐቢይ ጾም አለ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳይነካ እንግዳን የሚያስደስት ገበታ ለዘመናት ስናዘጋጅ ኖረናል። የሱፍ ፍትፍት፣ ሽምብራ ዓሣ፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ ተልባ የሚሠራ ወጣት ከእንስሳት ውጤት የራቀ ምግብ በሚፈለግበት ከተማ ሁሉ ሥራ አያጣም። ዘይት ሳይነካው ሽንኩርትን ለረጅም ጊዜ አቁላልቶ ወጡን ማወፈር፣ ቅቤን በኮሰረትና በኮረሪማ ማንጠር፣ ጤፍን ለቀናት አብኩቶ አብሲት መጣል፤ እነዚህ ሁሉ በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊሰጡ የሚገባቸው ከፍተኛ ጥበቦች ናቸው። ተማሪዎቼ የነጩን ሶስ አሠራር በሚያስረዱበት ኩራት የአብሲትን አሠራር እንዲያስረዱ እጠይቃለሁ።

ሥራውም ሆቴል ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በየቀኑ ለመንገደኞቹ የሚያቀርበው ምግብ በትልቅ ወጥ ቤት ይዘጋጃል። ሆስፒታሎች ለሕሙማን የሚስማማ ምግብ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ለብዙ እናቶች የሥራ በር ሆኗል። በየማለዳው ለመቶዎች ቁርስና ምሳ የሚያደርሱት እነዚህ ሴቶች የእኔን ያህል ብዛት ያለው ሥራ ይሠራሉ። ሥልጠናና የሙያ ምዘና ቢያገኙ ከመካከላቸው ብዙ ሱ ሼፎች ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሴቶች ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። ልጅ ሳለሁ ወጥ መሥራት የሴት ነው ተብዬ አደግሁ። ሆቴል ስገባ ደግሞ ዋና ሼፍነት የወንድ ነው አሉኝ። ከባድ ድስት ማንሣት አትችልም፣ የማታ ፈረቃ አይመቻትም ይሉ ነበር። ድስቱን ወንዱም ብቻውን አያነሣውም፤ ለሁለት ነው የሚነሣው። የማታው ነገር ግን እውነት ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ «ዘነበወርቅ፣ አየር ጤና» የሚል ታክሲ መጠበቅ ለወጣት ሴት ያስፈራል። ሠራተኛ የሚያመላልስ መኪና ያለው ሆቴል ጥሩ ሴት ባለሙያዎችን ይዞ ይቆያል። ቀጣሪዎች ይህን ከሥራ ወጪ እንዲቆጥሩት እለምናለሁ።

ሥራው ይከብዳል፤ መደበቅ አልፈልግም። ሌላው ሰው በዓል ሲያከብር እኛ ቆመን እንውላለን። እጅ ይቃጠላል፣ ወገብ ይደክማል። የሚጮህ፣ የሚሰድብ አለቃ ያጋጥማል። ጩኸት ምግብ አያጣፍጥም። ከሠራሁላቸው ሼፎች የማከብራቸው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማንኪያ አንሥተው ቀምሰው «ጨው ጎድሎታል፣ ከካርዱ ጋር አስተያዪው» የሚሉኝ ነበሩ። እኔም ከልጆቹ ጋር እንዲሁ ለመሥራት እጥራለሁ።

ለወላጆች

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ የሚመጡ ወላጆች በዝተዋል። ብዙዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፈተናው ስላልመጣለት ነው» ይሉኛል። ልጁ ፊት እንዲህ ባይሉት ደስ ይለኛል። የምግብ ዝግጅት ኬሚስትሪ አለበት፣ ሒሳብ አለበት፣ የሰው አስተዳደር አለበት፤ የወደቀ የሚጣልበት ጉድጓድ አይደለም። ወዶት የገባ ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቤተሰቡን ይረዳበታል፣ ከቆየበትም ሌሎችን ይቀጥርበታል።

ስለዚህ ልጃችሁ «ወጥ ቤት ልግባ» ካለች መጀመሪያ ፍላጎቷን ፈትኗት። የሚመጣውን የቤተሰብ ድግስ ከገበያው ጀምሮ ለእሷ ስጧት። ስንት እንዳወጣች፣ ስንት እንደተረፈ፣ ምን እንደጎደለ ጽፋ ታሳያችሁ። እናቷም እጇ የሚያውቀውን ሳትሰስት እየነገረች ታስጽፋት። ድግሱ አልቆ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ደክሟትም እንኳ ስለሚቀጥለው ማሰብ ከጀመረች ለዚህ ሙያ ተፈጥራለች። ያን ጊዜ መርቃችሁ አስመዝግቧት፤ ከደብተርና እስክሪብቶው ጋርም አንድ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙላት።